የፌንጣ ቀንድ

መጀመሪያ የሰማሁት ጩኸቱን ነው።

ሽንት ቤት ውስጥ ቁጢጥ ብዬ ነበር። ከላዬ ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል፣ ከሥሬ ዝንቡ ይርመሰመሳል፣ እኔ አፍንጫዬን በሸሚዜ እጅጌ አፍኜ በአፌ እተነፍሳለሁ። ድንገት ከጓሮ ወዲያ አንድ ነገር ጮኸ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥርስ የሚያጠርስ ጩኸት። ቆመ፤ ትንፋሽ የወሰደ መሰለኝ፤ ደግሞ ጀመረ። አንድ ነገር እያረዱ ነው አልኩ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የሚታረድ ነገር ከማየት የምቀር ልጅ አልነበርኩም። ሱሪዬን በአንድ እጄ እንደያዝኩ ሮጬ ወጣሁ።

የምትታረደው ትራክተሯ ነበረች።

በያጁ ከወንበሯ ጀርባ ተንበርክኮ ቀንዷን በብረት መቁረጫ ይገዘግዘዋል። ብልጭታው እየተረጨ ዶሮዎቹ አጥር ሥር ተወሽቀዋል። ቀንድ የምንለው ከወንበሩ ኋላ ተነስቶ ከሾፌሩ ራስ በላይ የሚያልፈውን ወፍራም የብረት ቅስት ነው። ትራክተሯን ራሷን ሠራተኞቹ ፌንጣ ይሏታል፤ ትንሽ፣ አረንጓዴ፣ ዳገት ስትወጣ የምትፈናጠር ስለሆነች። የእኛ የብርቱካን እርሻ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ዳገት ነበር፤ አንድ ፍሬ ከእጅህ ካመለጠህ ወንዙ ሳይደርስ አይቆምም።

ነገሩን ሁሉ ያመጣው የመጋዘኑ በር ነው። አባቴ መጋዘኑን ሲያሠራ በሩን በራሱ ቁመት ለካው። ፌንጣ ከነቀንዷ አትገባበትም። ስለዚህ ዝናቡን ሁሉ ውጭ ፕላስቲክ ለብሳ ከረመች፤ አባቴም ባያት ቁጥር ከንፈሩን ይነክሳል።

“በሩን አፍርሼ ከማሠራ ቀንዷን ማስቆረጥ ይቀለኛል” አለ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ።

“ብረት ምን ያመዋል” አለ በያጁ።

አጎቴ አጠገባቸው ቆሟል። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የፌንጣ ሾፌር። ጃኬቱን ክንዱ ላይ ጥሏል።

“ጋሼ፣ ግድ የለህም ተው። በሩን እኔው በእረፍቴ ቀን አፈርሰዋለሁ።”

“ምን ሆነሃል? የጃኬት መስቀያ አጣሁ ብለህ ከሆነ ምስማር እመታልሃለሁ።”

በያጁ መቁረጫውን አቁሞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አጎቴ ጃኬቱን ሁልጊዜ ቀንዷ ላይ ነበር የሚሰቅለው፤ እውነት ለዚያ የተሠራ ይመስለኝ ነበር።

“ብትገለበጥስ?” አለ አጎቴ።

“አንተ ይዘሃት? ኤሊ ሮጣ ወድቃ ታውቃለች እንዴ?”

ጩኸቱ እንደገና ጀመረ። ያን ጊዜ አንዳች ነገር ቅር ብሎኝ ነበር ብል ደስ ይለኛል። ምንም አላለኝም። ቀንዱ ተቆርጦ መሬት ላይ ድም ሲል አጨበጨብኩ።

እውነቱን ለመናገር አጎቴ ይቀፈኝ ነበር። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ጥፍሩ ሥር የገባው ግሪስ በሳሙናም አይወጣም። ሲበላ አፍንጫው ያፏጫል፣ ሾርባው ጢሙ ላይ ይንጠለጠላል፣ እኔ ሳህኔን ይዤ ወደ ሌላ ዞሬ እቀመጣለሁ። ከሁሉ የሚቀፈኝ ግን ፍርሃቱ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ዳገቱን በእግሩ ይሄድበታል። ረጅም ዱላ ይዞ ሳሩን እየወጋ፣ ጉቶና ጉድጓድ ሲፈልግ፣ ዓይኑ የጠፋ ሰው ይመስላል። ከዚያ ይቀመጣል፤ የወንበሩን ቀበቶ ወገቡ ላይ ያስራል፤ ሁለት ጊዜ ይጎትተዋል። ዳገቱን ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በጎን አይቆርጠውም። ቁልቁል ሲሆን ገና ሳይነሳ አንደኛ ማርሽ ያስገባና እስከ ታች ድረስ ፍሪሲዮን አይነካም። ሞተሩ እያጉረመረመ ይዟት ይወርዳል። አንድ ቅርጫት ተሸክሞ በእግሩ የሚወርድ ሰው ይቀድመዋል።

ለቃሚዎቹ ስሙን ቀበቶ አሉት።

“ቀበቶ! ሱሪህ እንዳይወልቅብህ ነው?”

“ቀበቶ፣ ስንተኛ ወርህ ነው? ዝግ ብለህ ሂድ እንጂ፣ ፅንሱ እንዳይወርድ!”

“ተዉት እሱን! ፈሪ ለእናቱ!”

አጎቴ ሞተሩን ዝቅ ያደርግና “እናቴማ ሞታለች” ይላል፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይኖር። “እኔ ለእህቴ ነኝ።”

ይስቃሉ። እኔ አፍሬ ዛፍ ሥር እደበቃለሁ።

አንድ ቀን እንኳ ፌንጣ ላይ አውጥቶኝ አያውቅም። ብለምነው፣ ባለቅስ፣ መሬት ላይ ብንከባለል፣ “ወንበሩ የአንድ ሰው ነው” ይላል። “የጎማው ክዳን ላይ የተቀመጠ ልጅ መውረጃው ጎማው ሥር ነው።” ሳሙና ሳሙና የሚሸተው አባቴ ግን እሁድ እሁድ ብድግ አድርጎ የጎማው ክዳን ላይ ያስቀምጠኝና ዳገቱን በጎን ይቆርጠዋል፣ አንድ እጁ መሪው ላይ፣ አንድ እጁ ብርቱካን አፉ ውስጥ እየጨመቀ። ፌንጣ ዘመም ስትል እስቃለሁ፣ የብርቱካኑ ጭማቂ ከአገጩ ተነስቶ ጉንጬ ላይ ይረጫል። ወንድ ማለት ይህ ነው እል ነበር። ዛሬ ብርቱካን ሲላጥ የምቀመጥበትን ወንበር እቀይራለሁ። ሰው ምክንያቱን ሲጠይቀኝ አለርጂ ነው እላለሁ።

የተቆረጠው ቀንድ ጓሮ ውስጥ ተተከለ። ሁለት እግሩን መሬት ውስጥ ቀብረው፣ ከአናቱ እስከ ዛፉ ገመድ ወጠሩበት፤ እናቴ ልብስ ታሰጣበታለች። ማታ ማታ ዶሮዎቹ ይሰፍሩበታል። ጠዋት እየተነሳች ኩሳቸውን በጨርቅ ስትጠርግ “የጉድ አገር!” ትላለች፤ የምትሰድበው ዶሮዎቹን ይመስለኝ ነበር።

ቀንዱ በተቆረጠ በማግስቱ አንድ ተአምር አየሁ። አጎቴ ፌንጣ ላይ ወጣ፣ ቀበቶውን አነሳ፣ አየው፣ መልሶ ከወንበሩ ሥር ጠቀጠቀው። ሳያስር ሄደ። በሳልስቱም እንዲሁ። ሮጬ እናቴ ዘንድ ደረስኩ፤ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው።

“እማዬ! አጎቴ ጎበዝ ሆነ! ቀበቶ ተወ!”

እጇ ሳፋው ውስጥ ቆመ።  ራት ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ ወንድሟን አየችው።

“ቀበቶውን ለምን ፈታኸው?”

“ቀንድ ከሌላትማ፣ እትዬ” አለ አጎቴ፣ ቀስ ብሎ፣ “ማሰሩ ነው የሚገድለኝ። ቢያንስ ልዝለል።”

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። አባቴ የአጥንት መቅኒ እየመጠጠ ነበር፤ ያንን የሚጮህ አመጣጠጥ። አጥንቱን አየው፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ኳ ኳ አደረገው፣ ደግሞ መጠጠ። “ጨው ያንሰዋል” አለ።

እኔ ቀልድ ነው ብዬ ስቄአለሁ። ሁለተኛ ደረጃ በጨረስኩ ዓመት፣ የምስክር ወረቀቴን ፍለጋ የአባቴን ሳጥን ስበረብር የፌንጣን መመሪያ አገኘሁት። አንድ ገጽ ላይ የተገለበጠ ትራክተር ሁለት ሥዕል አለ፤ በአንዱ ቅስቱ ሾፌሩን ከመጨፍለቅ ያድነዋል፣ በሌላው ሾፌሩ ዘሎ ያመልጣል። ከሥሩ “ቅስቱ ካለ ቀበቶህን እሰር፤ ቅስቱ ከሌለ አትሰር” ይላል። ከጎኑ የአውራ ጣት አሻራ አለ፣ በጥቁር ግሪስ።

ቀንዱ ከተቆረጠ ከወራት በኋላ፣ ሦስት ቀን ዘንቦ ባባራበት ጠዋት የጭነት መኪና መጥቶ ከታች በር ላይ ቆመ። ከላይ የፌንጣ ተሳቢ እስከ አፉ ብርቱካን ሞልቷል። አጎቴ ዱላውን ይዞ ቁልቁለቱን ሊፈትሽ ሲነሳ አባቴ ዱላውን ከእጁ ወሰደው።

“ዛሬ የምትወጋበት ጊዜ የለም። በጎን ቆርጠህ በአቋራጩ ውረድ።”

“ሳሩ እርጥብ ነው፣ ጋሼ። ግማሽ ግማሽ አርገን በሁለት ዙር ቀጥ ብዬ ላውርደው።”

“ሁለት ዙር! ሰውየው ላንተ ሲል እዚህ ይደር?”

“በጎን አይሆንም። ጭነቱ ይጎትታታል።”

ለቃሚዎቹ ሥራ አቁመው ያያሉ። አባቴ ፊቱ ቀላ። ድንገት እጁን ዘርግቶ አንገቴን ያዘኝ።

“በል ተው። እኔ እነዳታለሁ። ልጄን እዚህ አፈናጥጬ አወርዳታለሁ፤ የስምንት ዓመት ልጅ የማይፈራውን አንተ ፍራ።”

ደስታ ሊገለኝ ነበር። እግሬን አንስቼ ልወጣ ስል አጎቴ አየኝ። ረጅም አስተያየት ነው ያየኝ። ከዚያ በትከሻው ገፋ አድርጎኝ አለፈና ወንበሩ ላይ ወጣ። አፈረ ብዬ ተደሰትኩ፤ ቦታዬን ስለቀማኝ ግን ከኋላው ምራቄን ተፋሁ።

መቶ እርምጃ አልሄደም። የላይኛው ጎማ ድንጋይ ላይ ወጣ፤ የታችኛው፣ አንድ የደረቀ ዛፍ ተነቅሎ ሳር በሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ፌንጣ ቀስ ብላ ነው የወደቀችው፤ እንቅልፍ የያዘው ሰው ትራሱ ላይ እንደሚወድቅ። አጎቴ ወደ ላይኛው ወገን ዘለለ። ግራ እግሩ አልዘለለም።

ብርቱካኑ ፈሰሰ። በአጠገቤ እየነጠረ ያልፋል፣ ይፈነዳል፣ በሰው እግር ይረገጣል። ናፍጣው፣ ጭማቂው፣ ጭቃው፣ ሌላም ጨው ጨው የሚል ነገር አንድ ላይ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። አጎቴ ይጮሃል። ንፍጡና እንባው አፉ ውስጥ ይገባል። “እትዬ! እትዬ!” ይላል፣ ጢም ያለው ሰውዬ። አሁንም ፈሪ ነው ብዬ አሰብኩ። ይህንን ማሰቤን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እዚህ ጻፍኩት።

እናቴ ሆስፒታል ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ነው የተመለሰችው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በያጁ መጣ። እሱና አባቴ ጓሮ ገብተው የልብሱን ገመድ በቢላ በጠሱት፤ የእናቴ የታጠበ ልብስ ሁሉ መሬት ወረደ። ቀንዱን ነቀሉና ፌንጣ ላይ መልሰው በየዱት። አባቴ የአረንጓዴ ቀለም ቆርቆሮ ከፈተልኝ።

“ና ጎበዝ፤ ይህ የኔና ያንተ ሚስጥር ነው” አለኝ። “አጎትህ ቀንዷን ይወዳት የለ? ሲመለስ ድንገት ያያታል። ለማንም እንዳትተነፍስ፤ ወሬው ሆስፒታል ከደረሰ ደስ አይልም።”

እንዲህ ባለ ድምፅ አነጋግሮኝ አያውቅም። መጀመሪያ የዶሮውን ኩስ በቢላ ፋቅኩ። ቀለሙን ቀባሁ። ሲደርቅ ደግሞ ጭቃ ቀባበት አለኝ።

“ለምን? አሁን እኮ አምሮ ነበር።”

“አዲስ ሲመስል ያስታውቃል። ድንገት ነው ያልነው አይደለም?”

ኩሱን በፋቅኩበት ቦታ ላይ ጭቃ አቦካሁ፣ ኩሱም አብሮ ገባ፤ በመዳፌ ለጠፍኩት። ብየዳው ላይ በተለይ በርታ አለኝ። በመጨረሻ አባቴ የአጎቴን ጃኬት ከቤት አምጥቶ ቀንዷ ላይ ሰቀለው፣ ራቅ ብሎ አየና “አሁን ሆነ” አለ። አቀፍኩት። ባለፈው ወር ያከራዩኝ ሰዎች የክፍሌን በር ቀለም አስቀቡ፤ ሁለት ቀን ውጭ ዋልኩ፣ ስመለስ ደጃፉ ላይ አስመለስኩ።

እናቴ ጠዋት መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ጓሮ ገብታ ልብሱን መሬት ላይ አየችው፤ ጉድጓዶቹን አየች፤ ከዚያ ከመጋዘኑ ደጅ ቀንድ ያላትን ፌንጣ አየቻት። 

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” አለች።

አባቴ ተከትሏት ገባ። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ እሰማለሁ።

“ዛሬ የሥራ አደጋ ተቆጣጣሪው ይመጣል” አላት። “አፍሽን ሰብስቢ።”

“ጥፋቱ የሱ ነው ከተባለ ካሣ የለም፤ የሚከፍልለት ካጣ ነገ ከአልጋው ያወርዱታል። ሐኪሙ ነግሮኛል። ሁለተኛ ካልተቀደደ እግሩ አይተርፍም።”

“እኔ ከተባልኩስ? እርሻው ይዘጋል። ልጅሽ ምን ይበላል?”

ቀዶ ጥገናውንም፣ እርሻውንም ሰማሁ። ምን ላድርገው፤ እኔ የማስበው ሚስጥሬን ነበር። እናቴ ልብሱን ሰብስባ ሳፋ ውስጥ ጨመረችና እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ተቆጣጣሪው ረፋዱ ላይ ደረሰ። ወፍራም፣ ላብ ያሰመጠው፣ ቦርሳውን እንደ ሕፃን ያቀፈ ሰው። አባቴ መጀመሪያ አበላው። ሥጋውን ሲጎርስ ከንፈሩ ያብረቀርቃል፤ ጥርሱ መሃል የገባውን በጥፍሩ አውጥቶ ያየዋል፣ ይበላዋል። ሲጠግብ ሁላችንም ወደ ፌንጣ ሄድን። ዞራት። ጣቱን ወደ ብየዳው ዘረጋ፤ የለጠፍኩት ሲሸተው አፍንጫውን ሸብሽቦ እጁን ሰበሰበ።

“ቀንዱ አለ” አለ፣ እየጻፈ። “ቀበቶውስ?”

“ቀበቶውም አለ” አለ አባቴ። “ያው እዚያ ነው። አላሰረም። ምክር አይሰማም ነበር፣ ምን ይደረግ።”

“ቀንዱ ተቆርጦ ነበር።”

እናቴ ናት። እርጥብ ሸሚዝ ይዛ ከኋላችን ቆማለች፤ ውሃው እግሯ ላይ ይንጠባጠባል።

“ወራት ሙሉ ልብስ አስጥቼበታለሁ። ትናንት ነው የበየዱት።”

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። “የሾፌሩ እህት ናት” አለ በለሆሳስ። “ከወደቀ ጀምሮ አልተኛችም።”

ተቆጣጣሪው እሷንም፣ እሱንም አየ። እስክሪብቶውን አፉ ውስጥ ከተተ። “እህት ለወንድሟ ትላለች፤ ባለቤት ለንብረቱ ይላል። ከዚህ ተነስቼ ሆስፒታል ሄጄ ሾፌሩንም አነጋግራለሁ። ግን...” አለና እኔ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። “ሕፃን አይዋሽም። ና እስቲ አንተ። ይህ ብረት ከዚህ ላይ ተቆርጦ ያውቃል?”

ሆስፒታል እሄዳለሁ ነው ያለው። ለአጎቴ ሊነግርብኝ ነው አልኩ፤ ሁሉን ነገር ሊያበላሸው ነው። እናቴ ዓይኔን ዓይኔን ታያለች። አልገባትም እንጂ ብትረዳኝ እንዲህ ባላየችኝ ነበር። እጄን ከኋላዬ ደበቅሁት፤ ጥፍሬ ሥር አረንጓዴው ገና አልወጣም ነበር።

“አያውቅም” አልኩ።

“እርግጠኛ ነህ?”

“አዎ! ሁልጊዜም ነበረ።” ሰውየው ሲጽፍ ሳይ፣ ስለ አጎቴም አንድ ጥሩ ነገር ላስጽፍለት ፈለግሁ። “ቀበቶውን ግን ራሱ ነው የተወው። አይፈራም ነበር።”

አባቴ ጭንቅላቴን ደባበሰኝ። ተቆጣጣሪው ደብተሩን ዘጋ። ወር ሳይሞላ በያጁ ተመልሶ ቀንዷን ቆረጠው፤ ፌንጣ መጋዘን ገባች፣ ሌላ ሾፌር መጣ። ያን ቀን ግን እኔ ጀግና ነበርኩ።

እናቴ ሸሚዙን ጨመቀችው። የመጨረሻው ጠብታ እስኪወርድ ጨመቀችው፣ አራግፋ አጠፈችው፣ ሳፋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። እጇን ቀሚሷ ላይ አደረቀች። ወደ ፌንጣ መጥታ፣ በእኔና በአባቴ መሃል እንደሌለን ቆጥራ አልፋ፣ የአጎቴን ጃኬት ከቀንዱ ላይ አወረደች። ከጃኬቱ ላይ አንድ የዶሮ ላባ ለቅማ ጣለች።

“ወዴት ነው?” አለ አባቴ።

ወደ በሩ የሚወስደው ጥምዝምዝ መንገድ ነበር፤ ሁላችንም የምንሄደው በሱ ነው። እናቴ አልሄደችበትም። ጃኬቱን ክንዷ ላይ ጥላ፣ በብርቱካኖቹ መሃል ቁልቁለቱን ቀጥ ብላ መውረድ ጀመረች፤ ዝግ ብላ፣ እግሯን እያስቀደመች፣ ተረከዟን እየተከለች።

“እማዬ!” ብዬ ጮህኩ ከኋላዋ። “ሚስጥሩን እንዳትነግሪው!”

አልዞረችም።